ድንጋዩ ከሳሽ ሲሆን፦ ስለ ሂንዱዎች ቅዱሳት ድንጋዮች፣ ስለ ሕግና ስለ ሥልጣን

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)

በ1980ዎቹ ለንደን ላይ አንድ ለየት ያለ የፍትሐ ብሔር ክርክር ታየ። ክርክሩ የተነሣበት ንብረት በደቡብ ሕንድ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ፣ ሺቫ የተባለው የሂንዱዎች አምላክ ሲደንስ የሚያሳይ የነሐስ ምስል ነበር። በአንድ በኩል ምስሉን በገንዘቡ የገዛ አንድ የካናዳ ኩባንያ ቆሟል። በሌላ በኩል የሕንድ መንግሥት አለ፤ የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት አለ፤ ፓቱር በምትባል መንደር የሚገኝ አንድ የፈረሰ መቅደስ አለ። ከእነርሱ ጎን ደግሞ በመዝገቡ ላይ እንደ ማንኛውም ተከራካሪ የሰፈረ አንድ ድንጋይ አለ።

«ድንጋይ» የተባለው የማኅበር መጠሪያ ወይም የቅጽል ስም አይደለም። በዚያ በፈረሰው መቅደስ የተገኘ፣ አናቱ የተድቦለቦለ የድንጋይ ዓምድ ነው። ሂንዱዎች «ሺቫሊንጋ» ይሉታል። ጠበቆች የነሐሱ ምስል የዚህ ድንጋይ ንብረት ነው ብለው ተከራከሩ። የእንግሊዙ ዳኛም ነገሩን በሳቅ አላለፈውም። ማስረጃ ሰማ፣ የሕንድን ሕግ መረመረ፣ በመጨረሻም ፍርዱን ሰጠ።

በአማርኛ ድንጋይ የማይሰማና የማይገባው ነገር ምሳሌ ነው። ነገር የማይገባውን ሰው «ድንጋይ ራስ»፣ ርኅራኄ የሌለውን «ልበ ድንጋይ» ይሉታል። ታዲያ የማይሰማና የማይናገር ነገር እንዴት ተከራካሪ ሆኖ ፍርድ ቤት ቆመ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ድንጋዩ ለሂንዱ አማኝ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ይህ እምነት እንዴት ሕግ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ጉዳዩ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ በሕንድ ፖለቲካ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚፋጁት ጥያቄዎች ከዚሁ ድንጋይ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ከወንዝ የሚወለዱ ድንጋዮች

በሂንዱ እምነት ቅዱሳት ድንጋዮችን በሁለት ወገን መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ የሰው እጅ ያልቀረጻቸው ናቸው። የሁለተኛዎቹን ቅርጽ ሰው ያወጣዋል፤ ከዚያም ሥርዓት ተፈጽሞ ይቀደሳሉ።

ከመጀመሪያው ወገን ሻሊግራምን የሚያህል ስም ያለው የለም። ሻሊግራም የሚገኘው በሰሜን ኔፓል፣ ከሙስታንግ ተራሮች በሚወርደው የካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ነው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ብዙ ጊዜ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ድንጋይ ነው። ሲሰበር ወይም በተፈጥሮ ሲከፈት በውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለ ቅርጽ ይታያል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ይህን ቅርጽ አሞናይት ይሉታል። ከመቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ይኖር የነበረ፣ ዘሩ የጠፋ እንስሳ ቅሪት ነው። ዛሬ ሂማላያ የቆመበት ምድር ያኔ ቴቲስ የሚባል ባሕር ወለል ነበር። የሕንድ ምድር ወደ ሰሜን ገፍቶ ከእስያ ጋር ሲጋጭ የባሕሩ ወለል ወደ ላይ ተነሥቶ ተራራ ሆነ። እንስሳቱም ድንጋይ ሆነው ከተራራው ጋር ወጡ። ወንዙ ዛሬም ተራራውን እየሸረሸረ ያወርዳቸዋል።

አማኙ በዚያው ጥቅልል ቅርጽ ውስጥ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ለእርሱ ጥቅልሉ ቪሽኑ በእጁ የሚይዘው ቻክራ፣ ማለትም ክብ የጦር መሣሪያ ነው። ድንጋዩም ቪሽኑ ራሱ የተገለጠበት መልክ ነው። ስለ አመጣጡ የሚተረከው ታሪክ ብዙ መልክ አለው። በሰፊው የሚታወቀው የቭሪንዳ ታሪክ ነው። ቭሪንዳ ጃላንዳራ የተባለ ኃያል ጠላት ሚስት ነበረች። ባልዋ ሊሸነፍ ያልቻለው በእርስዋ ታማኝነት ብርታት ነው። ቪሽኑ የባልዋን መልክ ይዞ አታለላት፤ ባልዋም ተገደለ። እርስዋም እውነቱን ስታውቅ ድንጋይ እንዲሆን ረገመችው። እርግማኑን ተቀበለ። እርስዋ ደግሞ ቱልሲ የተባለችው በሶብላ መሰል ተክል ሆነች። በየዓመቱ በካርቲክ ወር በብዙ የሂንዱ ቤቶች ሻሊግራሙና ቱልሲዋ በሠርግ ሥርዓት ይጋባሉ። በታሪኩ ውስጥ አምላኩ በደለኛ፣ ሴቲቱ ፈራጅ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። ድንጋዩ የክብር ምልክት ብቻ ሳይሆን የተፈጸመ በደል መታሰቢያም ነው።

ሻሊግራም እንደ ሸቀጥ ዋጋ ሊተመንለት አይገባም የሚል የጸና ትውፊት አለ። በገበያ መሸጡ ባይቀርም፣ በደንቡ ከወንዙ ይለቀማል፣ በስጦታ ይሰጣል፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርሳል። በየቀኑ ይታጠባል፤ የታጠበበት ውኃ እንደ በረከት ይጠጣል። ሊሞት ለተቃረበ ሰውም ከዚያ ውኃ ያቀምሱታል። ሥርዓተ ቅዳሴም አያስፈልገውም፤ ቪሽኑ አስቀድሞ በውስጡ አለና።

በመካከለኛው ሕንድ የሚፈሰው የናርማዳ ወንዝም የራሱ ድንጋዮች አሉት። ባናሊንጋ ይባላሉ። ውኃ ለዘመናት ያሻሻቸው፣ እንቁላል መሰል ድንጋዮች ናቸው። እነዚህ ደግሞ የሺቫ ናቸው። በናርማዳ ዳር ያለው ሕዝብ የወንዙ ጠጠር ሁሉ ሺቫ ነው ይላል። እነዚህም እንደ ሻሊግራም እስትንፋስ የሚሰጣቸው ካህን አይሹም።

እስትንፋስ የሚሰጣቸው ድንጋዮች

ሁለተኛው ወገን በጠራቢ እጅ ያለፈው ነው። እዚህ ላይ ለውጭ ሰው በቀላሉ የማይታይ ልዩነት አለ። ጠራቢው ሥራውን ሲጨርስ በእጁ ያለው ነገር ገና ድንጋይ ነው። ለአምልኮ የሚበቃው «ፕራና ፕራቲሽታ» የሚባለው ሥርዓት ሲፈጸምለት ነው፤ ትርጉሙ እስትንፋስን ማጽናት ማለት ነው። ካህናት ይጸልያሉ፣ ምስሉን ያጥባሉ፣ በመጨረሻም ዓይኖቹን የመክፈት ሥርዓት ይደረጋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምስሉ የአምላኩ ማደሪያ አካል ነው። በታላላቅ መቅደሶች ጠዋት ይቀሰቀሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ ማታ እንዲያርፍ መጋረጃው ይዘጋል። በክብር የተቀመጠ ንጉሥ የሚደረግለት ሁሉ ይደረግለታል።

ሥርዓቱ የሚሻርበትም መንገድ አለ። ምስሉ ክፉኛ ሲሰበር አምላኩ ለቅቆታል ይባላል፤ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር ይሰጣል። በጋኔሽ በዓል ደግሞ ሕዝቡ ከሸክላ የተሠራውን ምስል ለቀናት ሲያከብር ሰንብቶ፣ አምላኩን በጸሎት አሰናብቶ በውኃ ያሟሟዋል። ስለዚህ «ሂንዱ ድንጋይ ያመልካል» የሚለው አነጋገር አማኙ ስለ ራሱ የሚለውን አይገልጽም። አማኙ የሚለው አምላክ በድንጋዩ ሊያድር ፈቀደ ነው። ይህን የማይቀበል ሃይማኖት ብዙ ነው። አለመቀበልና አለማወቅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሊንጋ የሚለው ቃል ራሱ በሳንስክሪት «ምልክት» ማለት ነው። አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ ትኩረታቸውን የጣሉት ከወንድ ብልት ጋር በሚያገናኘው ትርጓሜ ላይ ነበር። ይህን የሚደግፉ ጥንታዊ ቅርጾች መኖራቸው አይካድም፤ በአንድራ ፕራዴሽ ጉዲማላም የሚገኘው፣ ብዙ ምሁራን ከክርስቶስ ልደት በፊት ተሠርቷል የሚሉት ሊንጋ አንዱ ነው። ለብዙው አማኝ ግን ሊንጋው የሚያስታውሰው ሌላ ታሪክ ነው፦ ብራህማና ቪሽኑ ጫፉን ፍለጋ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ቢሄዱ ሊያገኙት ያልቻሉት የእሳት ዓምድ። መልክ የሌለው ነገር መልክ የያዘበት፣ ግን ፊት የሌለው ድንጋይ ነው።

ከውስጥ የመጣ ተቃውሞ

ድንጋይን የተቃወመው የውጭ ሰው ብቻ እንደሆነ የሚያስብ ይሳሳታል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ካርናታካ የተነሣው ባሳቫ የመቅደስንና የካህናትን ሥልጣን፣ የዘር ክፍፍሉንም ተቃወመ። ተከታዮቹ ሊንጋያቶች መቅደስ መሄዱን ትተው ትንሽ ሊንጋ በአንገታቸው ያንጠለጥላሉ። ድሀውም ሴቲቱም የራሳቸውን ቅዱስ ድንጋይ ይዘው ይዞራሉ ማለት ነው። ማንም በር ዘግቶ አይከለክላቸውም። ከእርሱ በኋላ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሸማኔው ቅኔ አዋቂ ካቢር የምስል አምልኮን በአሽሙር ይነካ ነበር፤ የሙስሊሞቹንም ልማድ አይተውም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ መጣ። በጉጃራት የተወለደ የብራህሚን ልጅ ነው። በልጅነቱ በሺቫ በዓል ሌሊት በመቅደስ ሲያድር አይጦች በሊንጋው ላይ እየወጡ መባውን ሲበሉ አየ። ራሱን ከአይጥ ያላስጣለ እንዴት ዓለምን ይጠብቃል የሚል ጥያቄ በልቡ ገባ። ያ ልጅ አድጎ በ1875 በቦምቤይ አርያ ሳማጅ የተባለውን ንቅናቄ መሠረተ። ንቅናቄው ምስልን ሙሉ በሙሉ የማይቀበል ነው።

እንግዲህ በሕንድ ድንጋዩ በአንድ ድምፅ የተከበረበት ዘመን አልነበረም። የሚሳሳው፣ የሚያሾፈውና የሚያሻሽለው ሁሉ አብሮ ኖሯል። ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው ድንጋዩ ንብረት ሲያፈራ ነው።

ድንጋዩ ባለ ርስት ሆነ

በመካከለኛው ዘመን የሕንድ ነገሥታት መሬት፣ ከብት፣ ወርቅና ዘይት ለመቅደስ ይሰጡ ነበር። የቾላው ንጉሥ ራጃራጃ በታንጃቩር ያሠራውና በ1010 የተጠናቀቀው ታላቅ የሺቫ መቅደስ በግድግዳው ላይ በተቀረጹ ጽሑፎች የተሞላ ነው። ማን ምን እንደሰጠ በዝርዝር ተጽፏል። ስጦታው ለካህኑ አልነበረም፤ ለአምላኩ ነበር። አምላኩ ባለ ርስት ሆነ።

ባለ ርስት የሆነ ደግሞ ይዘረፋል። ምስልን መማረክ የንጉሥነት አንዱ ምልክት ነበር። የራጃራጃ ልጅ ራጄንድራ ድል ከነሣቸው የሂንዱ ነገሥታት ያመጣቸውን ምስሎች በአዲሱ ዋና ከተማው አቁሟል። በ1026 ደግሞ የጋዝኒው መሕሙድ በጉጃራት ባሕር ዳር የነበረውን የሶምናት መቅደስ ዘርፎ ሊንጋውን ሰበረ። ይህ ስብራት በሕንድ ትዝታ ውስጥ እስከ ዛሬ አልጠገነም። ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ መቅደሱ እንደገና ሲሠራ በ1951 የምርቃት ሥነ ሥርዓቱ ላይ ፕሬዚዳንት ራጄንድራ ፕራሳድ ተገኙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ግን የሃይማኖት ወገንተኝነት የሌለው መንግሥት መሪ በዚያ መገኘቱን አልወደዱትም ነበር። በአንድ ድንጋይ ምክንያት የአዲሲቱ አገር ሁለት ታላላቅ ሰዎች ሐሳባቸው ተለያየ።

እንግሊዞች ሲመጡ ይህን ሁሉ የመቅደስ ሀብት አገኙ። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1817 በማድራስ ባወጣው ደንብ መቅደሶችን መቆጣጠር ጀመረ። የክርስቲያን መንግሥት የጣዖት ቤት አስተዳዳሪ ሆነ የሚል ጩኸት ከአገሩ ሲበዛበት በ1863 በሕግ እጁን ሰበሰበ። ክርክሩ ግን ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። መሬቱ የማን ነው? ካህኑ ሊሸጠው ይችላል? የቤተሰቡ ምስል ሲሆንስ ወራሾቹ ሊካፈሉት ይችላሉ?

ዳኞቹ መውጫ ያገኙት በሚያውቁት መንገድ ነው። አክሲዮን ማኅበር እጅና እግር የለውም፤ ሆኖም በሕግ ፊት ሰው ነው፤ ንብረት ይይዛል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። የሂንዱ አምላክም ምስሉ በተቀደሰበት ቦታ ሕጋዊ ሰውነት አለው አሉ። መናገር ስለማይችል አካለ መጠን እንዳልደረሰ ልጅ ይቆጠራል። የሚያገለግለውና ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ሰው አለ። ያ ሰው ግን ባለቤት አይደለም፤ እንደ ሞግዚት ነው።

በዚህ ጉዳይ በሰፊው የሚጠቀሰው የ1925 ውሳኔ ነው። የካልካታ የሙሊክ ቤተሰብ አባላት ምስሉን በተራ ያገለግሉ ነበር። አንዱ ተራዬ ሲደርስ ወደ ቤቴ እወስደዋለሁ አለ። ጉዳዩ ለቅኝ ግዛቶቹ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ወደነበረው ለንደን ወደሚገኘው ፕሪቪ ካውንስል ደረሰ። ዳኞቹ ምስሉ ዕቃ አይደለም አሉ። የት መቀመጥ እንዳለበት የራሱ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱም ሊከበር ይገባል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጥቅም ነፃ የሆነ ሰው ለምስሉ ብቻ ቆሞ እንዲከራከርለት አዘዙ።

ይህ ሕግ ከነፃነት በኋላም ቀጠለ። በ1969 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምላኩ ሕጋዊ ሰው ከሆነ ገቢውም ግብር ይከፈልበታል ብሎ ወሰነ። መብት ያለው ግዴታም አለበት።

ወደ ለንደኑ ችሎት እንመለስ

እንግዲህ የፓቱሩ ድንጋይ ፍርድ ቤት ሲቆም ከባዶ አልተነሣም። የነሐሱ ምስል በ1976 አንድ የቀን ሠራተኛ በፈረሰው መቅደስ አጠገብ ሲቆፍር የተገኘ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፣ ከአገር ወጣ፣ በሐሰተኛ የባለቤትነት ታሪክ ታጅቦ በ1982 ለካናዳው ኩባንያ ተሸጠ። ኩባንያው ምስሉን ለጥገና ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ባስገባበት ጊዜ የለንደን ፖሊስ ያዘው። ክሱ የተጀመረው ኩባንያው ንብረቴን መልሱልኝ ብሎ ነው።

ምስሉ በእርግጥ ከፓቱር መውጣቱን ለማረጋገጥ የብረት፣ የአፈርና የምስጥ ዱካ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ቀረቡ። በ1988 ዳኛው ፈረዱ። መቅደሱን የሠራው ሰው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ለአምላኩ የሰጠው ስጦታ ሐሳብ ዛሬም አልሞተም፤ ያ ሐሳብ በሺቫሊንጋው አካል ይዞ ይኖራል አሉ። ከገዢው ኩባንያ ይልቅ የድንጋዩ መብት ይበልጣል ማለት ነው። በ1991 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውጤቱን አጸናው። የድንጋዩን ጥያቄ መመርመር ሳያስፈልገው የመቅደሱን ከሳሽነት ብቻ በቂ አድርጎ ወሰደው። የእንግሊዝ ሕግ ሌላ አገር በሕግ ሰውነት የሰጠውን ቤተ እምነት ለመስማት የሚያሳፍረው ነገር የለም ነው ነገሩ። ምስሉ በዚያው ዓመት ወደ ሕንድ ተመለሰ።

የፈረሰ መቅደስ፣ አምላኪ ያልነበረው የተረሳ ድንጋይ፣ ገንዘብ ያለውን ኩባንያ ረታ። ሕጉ በዚህ ቦታ ለደካማው ቆመ።

ብሪቲሽ ሙዚየም የሚለውን ስም ሲሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሌላ ነገር ማስታወሱ አይቀርም። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ 11 ታቦታት በዚሁ ሙዚየም እጅ ይገኛሉ። ለእይታ አይቀርቡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩዋቸው ተሸፍነው ተቀምጠዋል። የሁለቱ እምነቶች ትምህርት ፍጹም የተራራቀ ነው፤ ታቦትና ሊንጋ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። የሕጉም መንገድ የተለየ ነው። የፓቱሩ ምስል በግል ኩባንያ እጅ የነበረ የተሰረቀ ንብረት ነው፤ ሙዚየሙ ግን በ1963 የወጣ አዋጅ ስብስቡን እንዳይሰጥ ያስረኛል ይላል። ይሁንና አንድ ጥያቄ በሁለቱም ዘንድ አለ። ለባለቤቱ ሕያው የሆነ ነገር በሌላው መዝገብ ላይ የዕቃ ቁጥር ሲሆን የማን ቃል ይጸናል? የፓቱር ፍርድ ቢያንስ አንድ ጊዜ የለንደን ዳኛ ከመዝገቡ ይልቅ እምነቱን እንደሰማ ያሳያል።

ያው ሕግ፣ ሌላ እጅ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ድንጋዩ ራሱ አይናገርም፤ ተናጋሪ ያስፈልገዋል። ተናጋሪው ጉልበተኛ ሲሆን ምን ይሆናል? መልሱ አዮድያ ነው።

በአዮድያ በ1528 እንደተሠራ የሚነገርለት ባብሪ መስጊድ ቆሞ ነበር። ብዙ ሂንዱዎች ቦታው ራም የተባለው አምላካቸው የተወለደበት ነው ብለው ያምናሉ። በታኅሣሥ 1949 በአንድ ሌሊት የሕፃኑ ራም ምስል በድብቅ ወደ መስጊዱ ገባ። ባለሥልጣናት ምስሉን ከማውጣት ይልቅ መስጊዱን ቆለፉ። ሙስሊሞቹ ከዚያ በኋላ አልሰገዱበትም። በ1989 አንድ ጡረታ የወጡ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የአምላኩ ተጠሪ ሆነው በራም ስም ክስ መሠረቱ። እኚህ ሰው ቪሽዋ ሂንዱ ፓሪሻድ ከተባለው ብሔርተኛ ድርጅት ጋር ቅርበት ነበራቸው። በታኅሣሥ 6 ቀን 1992 ሕዝብ በመዶሻና በእጁ መስጊዱን አፈረሰው። በየከተማው በተነሣው ሁከት 2,000 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ።

ኅዳር 9 ቀን 2019 አምስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱ። በቦታው ለዘመናት ያገለገሉት የኒርሞሂ አኻራ መነኮሳት ክስ በይርጋ ቀሪ ሆነ። የአምላኩ ክስ ግን በጊዜው የቀረበ ነው ተባለ። 2.77 ኤከሩ ለሕፃኑ ራም ተሰጠ፤ ለሙስሊሞች በሌላ ስፍራ 5 ኤከር እንዲሰጥ ታዘዘ። ያው ፍርድ ቤት በዚያው ውሳኔ የ1949ኙም የ1992ቱም ድርጊት ሕግ የጣሰ መሆኑን ጽፏል። መሬቱ ራሱ ሕጋዊ ሰው ነው የሚለውንም ክርክር አልተቀበለም። መሬት በራሱ ሰው ከሆነ ከእምነት ውጪ ያለ ሁሉ መከራከሪያ ያጣልና። ድንበሩን በጥንቃቄ አሰመሩ፤ ግን ምስሉ በድብቅ የገባበት ቦታ በመጨረሻ የምስሉ ሆነ።

የፓቱሩንና የአዮድያውን ጉዳይ ጎን ለጎን ሲያዩት ሕጉ አንድ ነው። በፓቱር አምላኩ የተሰረቀውን አስመለሰ። በአዮድያ በአምላኩ ስም የሌላው ቤተ ጸሎት ከፈረሰ በኋላ አምላኩ ባለመሬት ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ድንጋዩ ወይም ምስሉ አይደለም። በስሙ የቆመው ሰው ነው።

ፏፏቴ ወይስ ሊንጋ?

አዮድያ የመጨረሻው አልሆነም። በቫራናሲ ከካሺ ቪሽዋናት መቅደስ ጎን ግያንቫፒ መስጊድ አለ። የሙጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ በ1669 የቀድሞውን መቅደስ እንዳስፈረሰው የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። በግንቦት 2022 በፍርድ ቤት ትእዛዝ መስጊዱ በቪዲዮ ሲቀረጽ፣ ሙስሊሞች ለሶላት በሚታጠቡበት ኩሬ ውስጥ አንድ ክብ የድንጋይ ቅርጽ ታየ። የሂንዱ ከሳሾች ሺቫሊንጋ ነው አሉ። የመስጊዱ አስተዳደር የተበላሸ የውኃ ፏፏቴ ነው አለ። ስፍራው ታሸገ። አንድ ድንጋይ ለአንዱ አምላክ፣ ለሌላው የቧንቧ ዕቃ ሆኖ በዘበኛ ይጠበቃል።

ሕንድ ይህን ዓይነቱን ነገር ለመግታት በ1991 ሕግ አውጥታ ነበር። ቤተ እምነቶች ሁሉ በነሐሴ 15 ቀን 1947፣ በነፃነቱ ዕለት፣ በነበሩበት ይቆዩ ይላል፤ አዮድያ ብቻ ከዚህ ወጥቷል። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው። ያለፈው በደል ሁሉ ይቆፈር ከተባለ መቆፈሩ ማብቂያ የለውም። ይሁንና ሕጉ እየታለፈ አዳዲስ ክሶች በየከተማው ተመሠረቱ። በታኅሣሥ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕጉ ሕጋዊነት እስኪመረመር አዲስ ክስ እንዳይመዘገብ አዘዘ።

ወንዙ ግን ይፈሳል

በ2023 መጀመሪያ ከካሊ ጋንዳኪ ወንዝ የወጡ ሁለት ግዙፍ ቋጥኞች በጭነት መኪና ተጭነው ከኔፓል ወደ አዮድያ ጉዞ ጀመሩ። ለአዲሱ መቅደስ የራም ምስል ይቀረጽባቸዋል ተብሎ ነበር። በየመንገዱ ሕዝብ አበባ እየበተነ፣ እየሰገደ ተቀበላቸው። ቋጥኞቹ ከሻሊግራሙ ወንዝ የመጡ ናቸውና ለሕዝቡ ገና ሳይቀረጹ ቅዱሳን ነበሩ። በመጨረሻ ግን ለምስሉ የተመረጠው ከካርናታካ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። የማይሶሩ ጠራቢ አሩን ዮጊራጅ ቀረጸው። ጥር 22 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በተገኙበት እስትንፋስ የማጽናቱ ሥርዓት ተፈጸመ። ሥርዓቱ የካህናት ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥትም ነበር። በ1951 ኔህሩ የፈሩት ነገር በ2024 ብሔራዊ በዓል ሆኖ በቴሌቪዥን ተላለፈ።

ድንጋይን ሰው አድርጎ መቁጠር ሞኝነት ነው የሚል አለ። ድንጋዩን ባለቤት ማድረጉ ግን ለፓቱር መንደር ፍትሕ አስገኝቷል፤ ቤተሰብ አምላኩን እንደ ዕቃ እንዳይካፈለው ከልክሏል፤ ካህን የመቅደሱን መሬት እንዳይሸጥ አስሯል። ጥፋቱ ለድንጋዩ መብት መስጠቱ ላይ አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው ለድንጋዩ የሚናገር ሰው የራሱን ፈቃድ የአምላኩ ፈቃድ አድርጎ ሲያቀርብና የሚጠይቀው ሲጠፋ ነው። ለዚህም ነበር የ1925ቱ ዳኞች ተጠሪው ከጥቅም ነፃ የሆነ ሰው ይሁን ያሉት። ከውሳኔያቸው ውስጥ ፖለቲከኛው ቶሎ የረሳው ይህችን ነው።

በሙስታንግ ግን የካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ዛሬም ተራራውን እየሸረሸረ ጥቁር ድንጋዮቹን ያወርዳል። ተሳላሚዎች ከውኃው ዳር ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። እዚያ የይዞታ ማረጋገጫ የለም፤ ጠበቃም የለም። በትውፊቱ ዋጋ የማይተመንለት ድንጋይ አንዱ ለሌላው በስጦታ ይሰጠዋል። የቭሪንዳን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ ያ ድንጋይ ምን እንደሚያስታውስ ያውቃል፦ አምላክ እንኳ ሲበድል ተጠይቆ ፍርዱን ተቀብሏል። በእርሱ ስም የሚናገሩት ከዚህ በታች ሊጠየቁ አይገባም።